ማንም ያልሰጠው ትእዛዝ

 የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ ደም ካንሰር ነው። ካንሰር ሲባል ከውጭ መጥቶ ሰውነት ውስጥ የሰፈረ ባዕድ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የደም ካንሰር ግን ከራሳችን ሕዋስ ይነሣል፤ የሚነሣውም ሕዋሳት የሚላላኩበት መንገድ ሲበላሽ ነው። ብልሽቱን ለመረዳት አስቀድሞ ጤነኛውን ማየት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ከደብረ ሲና የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ከደብረ ሲና ዳገቱን ወጥቶ ጣርማ በር የደረሰ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ያልፋል። ያው ሰው ተመልሶ በአርማንያ በኩል ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ላይ ጋቢውን ይከናነባል፣ ታች ሹራቡን ያወልቃል፣ በመንገዱ ላይ ጆሮው ድፍን ይላል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ደሙ ውስጥ የሚሆነውን ግን አያየውም። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውዬው እዚያው ከርሞ ከቆየ ይህን ጉድለት ኩላሊቱ ያውቀዋል። ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። ንጥረ ነገሩም ተጉዞ አጥንት ውስጥ ካለው መቅኔ ይደርሳል። የደም ሕዋሳት ሁሉ የሚመረቱት መቅኔ ውስጥ ነው።

መቅኔ ውስጥ ያሉ ገና ያልበሰሉ ሕዋሳት በላያቸው ላይ ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን አላቸው። ኤሪትሮፖይቲን እዚያ ተቀባይ ላይ ሲያርፍ፣ ከተቀባዩ ሥር በሕዋሱ ውስጥ ያለው ጃክ ቱ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ይነቃል። ጃክ ቱ ቀጣዩን ያነቃል፣ ያም የሚቀጥለውን። የመጨረሻው ወደ ሕዋሱ ማዕከል ገብቶ ሕዋሱ እንዲባዛና ቀይ የደም ሕዋስ እንዲሆን ያዛል። ስልክ ባልነበረበት ዘመን በዚህ በኛ ገደላማ አገር መልእክት እንዴት ይሄድ እንደነበር አባቶቻችን ይነግሩናል፤ አንዱ ከወዲህ ጋራ ይጣራል፣ ከማዶ ያለው ሰምቶ ለሚቀጥለው ያሻግራል፣ ጥሪው ሦስት አራት ጋራ ተሻግሮ ከተፈለገው ሰው ጆሮ ይደርሳል። የሕዋሱም ነገር እንዲሁ ነው። ዋናው ነጥብ ግን ማሻገሩ ላይ አይደለም። ጠሪው ዝም ሲል ሁሉም ዝም ማለቱ ላይ ነው።

ትንሽ ጠለቅ ልበል፣ ኋላ ስለ መድኃኒቱ ስንናገር ይጠቅመናል። እነዚህ ፕሮቲኖች የሚነቃቁት ፎስፌት በሚባል ቅንጣት ነው። ሕዋሳችን ጉልበቱን የሚያስቀምጥበት ኤቲፒ የተባለ ሞለኪውል አለ። አንዱ ፕሮቲን ከኤቲፒ ላይ አንዲት ፎስፌት ነጥሎ በሌላው ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል፤ የተለጠፈበትም ሥራ ይጀምራል። ይህን የሚሠሩ ፕሮቲኖች ካይኔዝ ይባላሉ። ጃክ ቱ አንዱ ካይኔዝ ነው። የተለጠፈውን ፎስፌት እያነሡ ሥራውን የሚያስቆሙ ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉ። ጤነኛ ሕዋስ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይኖራል።

አሁን አንዲት ስሕተት እናስገባ። ጃክ ቱን የሚያሠራው ጂን ላይ አንዲት ፊደል ትለወጣለች። በዚህ ምክንያት በፕሮቲኑ 617ኛ ቦታ ላይ ሊኖር የሚገባው አሚኖ አሲድ ቀርቶ ሌላ ይገባል። በቃ፣ ይህቺው ናት። ከዚያ በኋላ ጃክ ቱ ኩላሊት ቢጠራም ባይጠራም ትእዛዝ ያስተላልፋል። መቅኔ ቀይ የደም ሕዋስ ማምረቱን አያቆምም፤ ደም ይወፍራል፣ ይረጋል። በሽታው ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ይባላል፤ ከታማሚዎቹ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ያህል ይህቺ ለውጥ አለችባቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በስዊዘርላንድና በአሜሪካ የነበሩ አራት የተመራማሪ ቡድኖች በየፊናቸው የደረሱባት ይህችው አንዲት ለውጥ ናት።

እዚህ ላይ ለእኛ ለደገኞቹ የሚሆን ማሳሰቢያ አለኝ። የደም ምርመራ ውጤት ላይ ሄሞግሎቢን በጣም ከፍ ብሎ ሲገኝ «ደጋ ስለሚኖር ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። አሜሪካዊቷ የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በኢትዮጵያ ደጋ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳትመው ነበር። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ። ይህ በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደም ግን በግልጽ ይወፍራል። እንግዲህ የእኛ ደገኛ ሄሞግሎቢኑ ሃያ ቢደርስ ከፍታው ብቻውን በቂ ምክንያት ላይሆን ይችላል፤ ሲጋራ፣ የሳንባና የልብ ሕመም፣ ከነዚህም ጋር ይህ የጃክ ቱ ነገር መታሰብ አለበት። ፊት መቅላት፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ በተለይም ሙቅ ውኃ ከታጠቡ በኋላ የሚመጣ ማሳከክ ካለ ለሐኪም ይነገር። የሚገርመው፣ የዚህ በሽታ አንዱ ሕክምና ደም መቅዳት ነው። ይህን ሰምታችሁ ዋግምት አስታውሳችሁ ይሆናል። ሐኪሙ ግን በንጹሕ መርፌ፣ ለክቶና ቁጥር አይቶ ይቀዳል፤ ያልተቀቀለ ምላጭ ሌላ በሽታ ይዞ ይመጣል።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ ይባላል፣ ሐኪሞች ሲኤምኤል ይሉታል። ከደም ካንሰሮች ሁሉ የመልእክት ብልሽት ምን እንደሚያደርግ እንደዚህ አጥርቶ ያሳየን የለም።

የሰው ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉ። በአንድ ሰው መቅኔ፣ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ፣ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ይሰበሩና ስባሪያቸውን ይለዋወጣሉ። 9ኛው ላይ ኤብል የሚባል ጂን ነበር፤ የሚሠራውም ካይኔዝ ነው፣ በተፈጥሮው ሥርዓት ያለው፣ ሲፈለግ ብቻ የሚነሣ። ስብራቱ ይህን ጂን ወስዶ 22ኛው ላይ ካለ ቢሲአር ከሚባል ጂን ጋር ይሰፋዋል። ከሁለቱ ስፌት የሚወለደው ቢሲአር-ኤብል የተባለ ፕሮቲን ራሱን የሚገታበትን ክፍል አጥቷል። ማንም ሳይጠራው ይጣራል፤ ሌሊትና ቀን ፎስፌት ይለጥፋል። ያቺ ሕዋስ ትባዛለች፣ ልጆቿም ያንኑ ስፌት ይዘው ይባዛሉ፤ መሞት ሲገባቸውም አይሞቱም።

ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነጭ የደም ሕዋስ ይኖረዋል። የሲኤምኤል ታማሚ ሲመረመር ከ100,000 በላይ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰውዬው ግን ለወራት ምንም ላያውቅ ይችላል። ይደክመዋል፣ ይከሳል፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ትንሽ በልቶ ይጠግባል። ቶሎ መጥገቡ የሚመጣው በግራ ጎኑ ጣፊያው አብጦ ጨጓራውን ስለሚጫነው ነው። በእኛ አካባቢ ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ወደ ቆላው ወርዶ የሠራ ሰው ጣፊያው ሲያብጥ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። ማሰቡ ልክ ነው፤ ወባ ጣፊያ ያሳብጣል። ወባው ታክሞ ጣፊያው ካልቀነሰ ግን ነገሩ እዚያ ማብቃት የለበትም። ጣፊያን በጋለ ብረት ማስተኮስ ደግሞ ቁስል ይጨምራል እንጂ ከመቅኔ የሚወጣውን ትእዛዝ አይነካውም። ሲቢሲ የሚባለው የደም ቆጠራ ምርመራ ተራ ምርመራ ነው፤ ጥርጣሬውን ለማንሣት እሱ ይበቃል።

ሌላም የምትጠይቁት ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ በዘር ይተላለፋል ወይ? አይተላለፍም። ስብራቱ ሰው ከተወለደ በኋላ መቅኔው ውስጥ የሚደርስ ነው፤ ከአባትና ከእናት አይወረስም፣ ለልጅ አይሰጥም። በአንድ ማዕድ መብላትም ሆነ አብሮ መተኛት አያስተላልፈውም። ሲኤምኤል ያለበት ሰው ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ «ቤቱ በሽታ አለበት» የሚል ካለ ተሳስቷል። ከፍተኛ የኑክሌር ጨረር እንደሚያመጣው ከሂሮሺማ በኋላ ታውቋል፤ የአብዛኛው ሰው ግን ምክንያቱ አይገኝም።

ይህ ሁሉ የታወቀው በአንድ ጀንበር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፊላደልፊያ ከተማ የነዚህን ታማሚዎች ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ አንድ ከልክ በላይ ያጠረ ክሮሞዞም አገኙ። የፊላደልፊያ ክሮሞዞም ተባለ። ለምን እንዳጠረ ግን አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1973 በቺካጎ ጃኔት ራውሊ የተባለች ሐኪም የክሮሞዞሞቹን ፎቶ በመቀስ እየቆረጠች ቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ እየደረደረች ስታጠና፣ ከ22ኛው የጎደለው 9ኛው ላይ ተቀጥሎ አየችው። ከዚያ በኋላ ጂኖቹ ተለዩ፣ ፕሮቲኑ ካይኔዝ መሆኑ ታወቀ። ብራያን ድሩከር የተባለ ሐኪምና ኒክ ላይደን የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪ ይህን አንድ ካይኔዝ ዝም የሚያሰኝ ነገር መፈለግ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ብዙ ባለሙያ አይሆንም ይል ነበር፤ ሰውነታችን ውስጥ ካይኔዝ በመቶዎች ስለሚቆጠር፣ አንዱን ሲመቱ ሌላውም ይመታል የሚል ስጋት ነበር።

ኢማቲኒብ የተገኘው ከዚህ ነው። በገበያ ስሙ ግሊቬክ ይባላል። ቅድም ስለ ኤቲፒ ያወራሁት እዚህ ያገለግለናል። ኢማቲኒብ የሚሄደው ቢሲአር-ኤብል ላይ ኤቲፒ ወደሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ነው። እዚያ ይቀመጣል። ኤቲፒ መግቢያ ያጣል፣ ፎስፌት አይገኝም፣ ትእዛዙ ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 በሰዎች ላይ መሞከር ተጀመረ። በቀን 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ታማሚዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤነኛ ልኩ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2001 አሜሪካ ፈቀደችው። ቀድሞ ሲኤምኤል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ፈጣንና ገዳይ ሉኪሚያ መለወጡ የተለመደ ነበር። በኢማቲኒብ የታከሙት ታማሚዎች በአንድ ትልቅ ጥናት ለአሥር ዓመት ሲከታተሏቸው ከመቶ 83 ያህሉ በሕይወት ነበሩ።

ዋጋውስ? መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቅ ነበር። የኢትዮጵያ ታማሚ ያገኘው በሌላ መንገድ ነው። አምራቹ ኖቫርቲስ ማክስ ፋውንዴሽን ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ መክፈል ለማይችሉ አገሮች ታማሚዎች መድኃኒቱን በነጻ የሚሰጥበት ፕሮግራም ነበረው፤ በኢትዮጵያም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም ሕክምና ክፍል በኩል ታማሚዎች በዚሁ መንገድ ታክመዋል። የፊላደልፊያ ክሮሞዞም መኖሩ በምርመራ መረጋገጥ ነበረበት፤ ናሙናውም ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ ይላክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኖቫርቲስን የፓተንት ጥያቄ ውድቅ ስላደረገ የሕንድ ኩባንያዎች በርካሽ ማምረታቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ኢማቲኒብን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ነጻ ነው ሲባል ግን መንገዱ ነጻ አይደለም። ከደብረ ሲና አዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመኪና፣ የአልጋ፣ የምግብ፣ አብሮ የሚሄድ አስታማሚ፣ በአጨዳ ወቅት ከሆነ ደግሞ የጠፋ የሥራ ቀን አለ። መድኃኒት በልመናም በስጦታም ሊመጣ ይችላል፤ የሚከታተል ሐኪምና ምርመራ ግን በየአቅራቢያው ሆስፒታል ካልኖረ ስጦታው መንገድ ላይ ይባክናል ብዬ አምናለሁ። ጥሩው ነገር፣ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የምታውቁት ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ሌላ ካርትሪጅ ሲገባለት የቢሲአር-ኤብልን መጠን መለካት ይችላል። መሣሪያው ያለበት ሆስፒታል ብዙ ነው፤ ካርትሪጁና ባለሙያው ናቸው የሚቀሩት።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገው ጋ ደረስን። ኢማቲኒብ ቢሲአር-ኤብልን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። ስፌቱ ያለባቸው ጥቂት እናት ሕዋሳት መቅኔ ውስጥ አድፍጠው ይቆያሉ። ኪኒኑ ከተዋጠ በ18 ሰዓት ያህል ውስጥ ግማሹ ከደም ይወጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ በየቀኑ የሚወሰደው በሽታው ስለሚሰማን አይደለም፤ ጠሪው ዛሬም ስላለ ነው። ለንደን ውስጥ በ87 ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ከታዘዘላቸው ከ90 በመቶ በላይ ከወሰዱት፣ በስድስት ዓመት ውስጥ በሽታው በሚፈለገው መጠን የወረደላቸው 94 በመቶ ያህል ነበሩ። ከ90 በመቶ ባነሰ ከወሰዱት ግን 28 በመቶ ያህል ብቻ። አሥር በመቶ ማለት ከወር ውስጥ ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ደግሞ ለቅሶ ላይ፣ ለንግሥ በዓል አገር ቤት ሄዶ፣ ወይ «ደህና ነኝ እኮ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል።

በጾም ጉዳይም ጥያቄ ይመጣል። ኢማቲኒብ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ ነው የሚወሰደው፤ ባዶ ሆድ ላይ ጨጓራ ይረብሻል። አብዛኛው ታማሚ በቀን አንድ ጊዜ ስለሚወስደው፣ በሑዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ከዋናው ማዕዱ ጋር ሊያደርገው ይችላል፤ ሰዓቱ ከቀን ቀን አይዛነፍ እንጂ። ጸበል የሚገባም ሰው ኪኒኑን ይዞ ይግባ። በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ጸበሉንም መድኃኒቱንም ውሰዱ ብላ አስተምራለች፤ እዚህም የተለየ ነገር የለም።

ሌላ መድኃኒት ሲጨመር ተጠንቀቁ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ጉበት ኢማቲኒብን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን በጣም ይወርዳል። አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሁለቱም ሕክምናዎች ሊያስፈልጉ ይችላሉ፤ ግን ሐኪሙ ሁለቱንም ማወቅ አለበት። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ታማክር፤ መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል።

ከኢማቲኒብ የጎንዮሽ ጉዳቶች ውስጥ የዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ የጡንቻ መኮማተር፣ ማቅለሽለሽ የተለመዱ ናቸው። ከነዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላው ነው፤ የብዙ ሰው ቆዳ መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ይነጣል። ጎረቤት «ቀላህ እኮ፣ ተስማማህ» ሊል ይችላል፣ ሌላው ደግሞ ለምጽ ነው ብሎ ሊሸሽ ይችላል። ሁለቱም አይደለም። ኢማቲኒብ ኪት የሚባል ሌላ ካይኔዝንም ዝም ያሰኛል፤ የቆዳ ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት ደግሞ የሚታዘዙት በኪት ነው። ባለሙያዎቹ ቀድሞ የፈሩት፣ አንዱን ሲመቱ ሌላውም ይመታል የሚለው፣ እዚህ በቆዳችን ላይ በግልጽ ታየ።

አንዳንዴ ኢማቲኒብ መሥራት ያቆማል። ቢሲአር-ኤብል ራሱ በአንዲት ቦታ፣ ለምሳሌ በ315ኛው ላይ፣ ይለወጥና መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቅርጽ ይጠብበታል። ለዚያም ከኋላ የመጡ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ የ315ኛውን ለውጥ የሚችሉት ግን ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። በሌሎች የደም ካንሰሮችም ይኸው መንገድ ተከፍቷል። በአንዳንድ ፈጣን ሉኪሚያ ውስጥ ፍሊት ስሪ የተባለው ተቀባይ ያለ ትእዛዝ ይሠራል፤ በሊምፍ ሕዋሳት ሉኪሚያ ውስጥ ቢቲኬ የተባለ ካይኔዝ የማይገባውን ጥሪ ያሻግራል። ለሁለቱም ኪኒን አለ፤ ውጤታቸው ግን እንደ ሲኤምኤል የጠራ አይደለም፣ ምክንያቱም በእነዚያ ውስጥ የተበላሸው ትእዛዝ አንድ ብቻ አይደለም።

ለዓመታት በሚገባ የወሰደና ቢሲአር-ኤብሉ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው መድኃኒቱን ማቆም ይችላል ወይ? በውጭ አገር ተሞክሯል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ካቆሙ በኋላ በሽታው አልተመለሰባቸውም፤ በቀሪው ግማሽ ላይ ተመልሷል፣ አብዛኛው ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት። የተመለሰባቸው መድኃኒቱን እንደገና ሲጀምሩ በሽታው ይታዘዛል፤ ይህ የሚሆነው ግን በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ ወይም በየስድስት ሳምንቱ ደሙ እየተለካ ሲቆም ነው። ያ ምርመራ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ መድኃኒቱን ማቆም አይገባም፤ በሚገኝበትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቆምም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ሕፃናት ሉኪሚያ እንነጋገራለን። እስከዚያው ጥያቄ ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ፤ ጤና ጣቢያ ስትሄዱም የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ።